የማንበብና የማዳመጥ ክህሎት በጃፓንኛ ብቃት ፈተና ደረጃዎች፦ ከደባርቅ አስጎብኚዎች ሥራ አንጻር

እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የጃፓንኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና ከ2010 ወዲህ ከዝቅተኛው ኤን 5 እስከ ከፍተኛው ኤን 1 ባሉ አምስት ደረጃዎች ይሰጣል። የሚለካውም የቋንቋ ዕውቀትን፣ ማንበብንና ማዳመጥን ነው፤ መናገርን አይመዝንም። ይህ ጽሑፍ የነጥብ አሰጣጡ ስለ ማንበብና ማዳመጥ ምን እንደሚገልጽና ምን እንደሚሸፍን ይመረምራል።

በየደረጃው ጠቅላላው ነጥብ 180፣ የማዳመጥ ድርሻ 60 ነው። ከኤን 3 እስከ ኤን 1 ማንበብ ለብቻው 60 ነጥብ ሲይዝ፣ በኤን 5ና በኤን 4 ግን ከቋንቋ ዕውቀት ጋር ተዳምሮ በ120 ይታሰባል። ኤን 5ን ለማለፍ በድምሩ 80፣ በማዳመጥ ቢያንስ 19፣ በጥምር ክፍሉ ቢያንስ 38 ያስፈልጋል። ስለዚህ በማዳመጥ 19፣ በጥምር ክፍሉ 61 ያገኘ ያልፋል፤ በማዳመጥ 60፣ በጥምር ክፍሉ 37 ያገኘ ግን ድምሩ 97 ቢሆንም ይወድቃል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በሚገኝባት በደባርቅ ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። አስጎብኚ የጎብኚውን ጥያቄ በጉዞ ላይ ሰምቶ መመለስ ይጠበቅበታል። የኤን 5 ማዳመጥ ግን በዝግታ በሚነገር አጭር ንግግር ይወሰናል፤ ለተፈጥሯዊ ፍጥነት የቀረበ ንግግር የሚመጣው በኤን 3 ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለጃፓንኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይውላል፤ ገላጭ ሐረግም ከስም ይቀድማል። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለይ ሁሉ፣ በጃፓንኛም «ሳካ» ሲላላ ዳገት፣ «ካ» ሲጠብቅ ደራሲ ማለት ነው። አማርኛ መጥበቅን በጽሕፈት አያሳይም፤ የጃፓን ፊደል ግን ምልክት አለው። በአንጻሩ የአናባቢ ርዝመት በአማርኛ ትርጉም ስለማይለይ፣ «ኦጂሳን» አጎት መሆኑን፣ «ጂ» ሲረዝም ደግሞ አያት መሆኑን ጆሮ በልምምድ ሊለየው ይገባል። በማንበብ ረገድ ሂራጋናና ካታካና እንደ ፊደላችን ድምፅን ሲወክሉ፣ ካንጂ ትርጉምን ጭምር ስለሚሸከም ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል።

ከዚህ በመነሣት አስጎብኚን ለመመዘን «አልፏል» የሚለው ውጤት ብቻውን በቂ አይሆንም። የማዳመጥ ነጥቡ ለብቻው ሊታይ፣ የመናገር ችሎታውም በሌላ ምዘና ሊፈተሽ ይገባል። በሥልጠናም የአናባቢ ርዝመትን የመለየት ልምምድ ከመጀመሪያው ሳምንት ቢጀመር፣ ካንጂም በመንገድና በተፈጥሮ ቃላት ቢታጀብ፣ ሁለቱ ክህሎቶች ተደጋግፈው ያድጋሉ።