ድምፁን ከመለካትህ በፊት ክፍሉን ለካ

ልጄ፣ ኮምፒውተር እየገጣጠምክ መሸጥ ጀምረሃልና «ይህ ኬዝ ድምፅ የለውም» ብለህ ለደንበኛ ከመማልህ በፊት ለካው። የሚገዛህ ሰው ሌሊት የሚያጠና ተማሪ ወይም በጠባብ ክፍል ድምፅ የሚቀዳ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ሌት ተቀን የሚያጉረመርም ማሽን ሥቃይ ነው። የማውቀውን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ባዶውን ክፍል ለካ። ኮምፒውተሩን አጥፋው፣ ፍሪጁን ንቀል፣ መስኮቱን ዝጋ። መኪናና ሰው ጋብ እስኪል አምሽተህ ብትሠራ ይሻላል። ያነበብከውን ቁጥር ጻፍ፤ ከዚያ ማሽኑን አብርተህ የድምፅ መለኪያውን ሳታንቀሳቅስ ድገመው። ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍሉ ውጤትህን አላበላሸውም። 3 ብቻ ከሆነ ከሰማኸው ድምፅ ግማሹ የክፍሉ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ 40፣ ክፍሉ ባዶውን 37 ካነበበ፣ የማሽኑ ድርሻ 37 ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ከ3 ካነሰ ልኬቱን ተወውና ሌላ ሌሊት ሞክር። በአሜሪካ ሬድመንድ ማይክሮሶፍት ያሠራው የድምፅ መፈተሻ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ያህል ተለክቶበት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ተመዝግቧል። አንተ እንዲህ ያለ ክፍል የለህም፤ ስለዚህ የክፍልህን ቁጥር አትደብቅ።

2. ዴሲቤልን እንደ ኪሎ አትደምር። አንዱ ፋን 30 ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ ፋኖች አብረው 33 ናቸው እንጂ 60 አይሆኑም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆኗል፤ ጆሯችን ግን እጥፍ ያህል እንደጨመረ ነው የሚሰማው።

3. ርቀቱን ሳትጽፍ ቁጥሩን አትጻፍ። ገላጣ ቦታ ላይ ከምንጩ በእጥፍ በራቅህ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በግማሽ ሜትርና በአንድ ሜትር የለኩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ኬዝ ሲከራከሩ ቢያድሩ የማይግባቡት ለዚህ ነው። አንድ ሜትር ያዝ፤ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግበት። መለኪያውን በእጅህ አትያዘው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁመው። የፋኑ ነፋስ በቀጥታ የመለኪያው ማይክ ላይ እንዳያርፍ ጎን ለጎን አድርገው፤ ነፋሱ የመታው ማይክ የሌለ ጩኸት ያነባል። ለኮምፒውተርና ለቢሮ ማሽኖች የወጣው አይኤስኦ 7779 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርትም የማይኩን ቦታና ማሽኑ በምን ሥራ ላይ እንዳለ አስቀድሞ ይወስናል።

4. መሣሪያህን እወቀው። የስልክ አፕ ሁለት ኬዞችን ለማወዳደር ይረዳህ ይሆናል፤ ለደንበኛ የሚሰጥ ቁጥር ግን አይወጣውም። ከርካሾቹ መለኪያዎች ብዙዎቹ ከ30 ዴሲቤል በታች አያነቡም፤ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያ ሊወርድ ይችላል። የመለኪያው መምረጫ ላይ «ኤ»ን ያዝ፤ ከጆሯችን አሰማም ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ነገር ግን «ኤ» ወፍራም ድምፅን አቅልሎ ያሳያል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ከሚርገበገብ ድምፅ ላይ 19 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ እምምም የሚል ነገር ከሰማህ ጆሮህን እመን።

5. ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልግ። የኬዙ ቆርቆሮ በራሱ አይጮኽም፤ ሌላው ያስጮኸዋል። ማሽኑ እየሠራ መዳፍህን በጎኑ ሽፋን ላይ ጫን አድርግ። እምምታው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ በደቂቃ 7,200 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፣ ንዝረቱንም በብሎኖቹ በኩል ለቆርቆሮው ያስተላልፋል። በዲስኩና በማሰሪያው መካከል ጎማ አስገባ። እምምታው ካልጠፋ የኬዙን ፋኖች አንድ በአንድ ለአጭር ጊዜ እየነቀልክ አዳምጥ፤ የፕሮሰሰሩን ፋን ግን አደራ አትንካ። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲወርድ ድምፁ በግምት 15 ዴሲቤል ይቀንሳል። እኔ ከአንድ ትንሽና ፈጣን ፋን ይልቅ ሁለት ትላልቅና ዝግ ያሉትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

6. ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ማሽን ለክተህ አትጨርስ። አንዴ ሲያርፍ፣ አንዴ ከባድ ሥራ ሰጥተኸው ሙቀቱ መጨመር ካቆመ በኋላ ለካ። በተለይ አዲስ አበባ ላይ ይህን አትዝለል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ በአንድ የፋን ዙር የሚወሰደው ሙቀት ያንሳል። ማዘርቦርዱም ይህን ለማካካስ ፋኑን ያፈጥነዋል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ተለክቶ ካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ አቧራ የያዘው ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

7. ሁለት ማሽኖች እኩል 35 አንብበው አንዱ ጆሮ የሚበሳ ሲርታ ሊኖረው ይችላል። ከግራፊክስ ካርዱ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ ቀጭን ሲርታ በቁጥሩ ብዙም አይታይም፤ ሰውን ግን ያሰለቻል። ከሰማኸው ሳትሸጥ ተናገር።

ስለዚህ ከደረሰኙ ጋር አንድ ወረቀት አያይዝ፦ ርቀቱን፣ የባዶውን ክፍል ቁጥር፣ ማሽኑ ሲያርፍና ሲሠራ ያነበብከውን ጻፍበት። ከነገው ደንበኛህ ጀምር።