የኦስካር ዘመቻና «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»፦ ያሸነፈው ፊልሙ ነው ወይስ ቅስቀሳው?

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር የመዝናኛ ዜና እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ የመረጥኩት የእንግሊዙን የኩዊን ባንድና የድምፃዊውን የፍሬዲ ሜርኩሪን ሕይወት የሚተርከውን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የተባለ ፊልም ነው። «አራት ኦስካር የጠራረገው ድንቅ ፊልም» የሚል ርዕስ ሰጥቼ፣ በራሴም ተማምኜ አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ግርጌው ላይ በቀይ ቀለም ሦስት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፦ «ማን መረጠው? ማን ቀሰቀሰለት? ማን ከፈለ?»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። «ኦስካር የጥበብ ሽልማት እንጂ የፓርላማ ወንበር ነው እንዴ?» ብዬ ለጓደኞቼ አማረርኩ። ማንበብ ስጀምር ግን የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን ወረቀት እንደገና የመሥራት ሙከራ ነው። ፊልሙን የመረጥኩበት አንድ የግል ምክንያትም አለኝ፤ መዝጊያው ላይ የሚታየው ኮንሰርት የተዘጋጀው በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለተጎዳው ለእኛ ሕዝብ ነው። አክስቴ ደግሞ በዚያ ረሃብ ውስጥ ያለፈች ናት።

መራጩ ማን ነው?

ኦስካርን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1927 የተቋቋመው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ነው። ድምፅ የሚሰጡት የፊልም ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው። ፊልሙ በተወዳደረበት በ2019 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጪዎቹ ወደ 8 ሺህ ይጠጉ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ተዋናዮች ተዋናዮችን፣ አርታኢዎች አርታኢዎችን በዕጩነት ይመርጣሉ። በመጨረሻው ዙር ግን አባላቱ በሁሉም ምድብ ድምፅ ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን የድምፅ አቆጣጠሩን ነው። በተዋናይ ምድብ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ልክ የክፍል ተጠሪ እንደምንመርጠው ማለት ነው። አምስት ዕጩ ባለበት ምድብ፣ ሌሎቹ ድምፁን እኩል ከተካፈሉት፣ 21 ከመቶ ያገኘ ሰው እንኳ በስሌት ሊያሸንፍ ይችላል። በምርጥ ፊልም ምድብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መራጩ ፊልሞቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደረጃ ያስቀምጣል። ጥቂት አንደኛነት ያገኘው ፊልም ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ይዛወራል። አንድ ፊልም ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል።

ታዲያ ይሄ ለዘመቻ ምን ትርጉም አለው? ገሚሱ የሚወደው ገሚሱ የሚጠላው ፊልም «ምርጥ ፊልም» የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። በተዋናይ ምድብ ግን አጥብቀው የሚደግፉህ በቂ ሰዎች ካገኘህ የሌላው ጥላቻ ብዙም አይጎዳህም። ቀስቃሾች ይህን ስሌት አሳምረው ያውቁታል።

ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው?

የዘመቻ ወጪ በፊልሙ የሥራ በጀት ውስጥ አይቆጠርም። ስቱዲዮዎችም ሒሳቡን ለሕዝብ አያወጡትም። ስለዚህ በጋዜጣ የምናነበው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ሰዎች ግምት ነው። ገንዘቡ የሚወጣባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው።

አንደኛ፣ «ፎር ዩር ኮንሲደሬሽን» የሚባለው ማስታወቂያ ነው። «ለእርስዎ ምርጫ የቀረበ» እንደማለት ሲሆን፣ ቫራይቲና ሆሊውድ ሪፖርተርን በመሳሰሉ የሙያው ኅትመቶች ላይ ይወጣል። የሎስ አንጀለስ የመንገድ ዳር ሰሌዳዎችም በወቅቱ በዚሁ ይሞላሉ።

ሁለተኛ፣ ለመራጮች ብቻ የሚዘጋጅ ነፃ ማሳያና ከማሳያው በኋላ ከተዋናዮቹ ጋር የሚደረግ ጥያቄና መልስ ነው። አዳራሹ፣ የተዋንያኑ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴሉና አልባሳቱ ሁሉ ወጪ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊልሙን ለመራጩ ቤቱ ድረስ ማድረስ ነው። ቀድሞ ዲቪዲ በፖስታ ይላክ ነበር። በኋላ አካዳሚው የራሱን የኢንተርኔት ማሳያ ከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ፊልም እዚያ ለማስገባት 12,500 ዶላር ይጠየቅ ነበር።

አራተኛ፣ የዘመቻ አማካሪዎች ክፍያ ነው። እነዚህ ሰዎች ሙያቸው ይሄ ብቻ ነው፤ ተዋናዩ የትኛው ግብዣ ላይ እንደሚገኝ፣ ለየትኛው ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ እንደሚሰጥ ያቅዳሉ።

እንግዲህ የጋዜጠኝነት ተማሪን ሊያስጨንቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነጥብ ነው። «ዘንድሮ ማን ያሸንፋል?» ብለው የሚተነብዩት ኅትመቶችና ከስቱዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ የሚያገኙት ኅትመቶች እነዚያው ናቸው። ይህ ማለት ጋዜጠኛው ተሸጧል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንባቢው ትንበያውን ሲያነብ ማስታወቂያው ጎኑ ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት።

ዘመቻው የሸጠው ታሪክ

«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ለሽልማት ምቹ ፊልም አልነበረም። ዳይሬክተሩ ብራያን ሲንገር ቀረጻው ሳያልቅ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ተሰናበተና ሥራውን ዴክስተር ፍሌቸር ጨረሰው። ፊልሙ በ2018 ሲወጣ የሐያሲያን አስተያየት የተከፋፈለ ነበር። ታሪኩም ተነካክቷል የሚል ወቀሳ ቀረበበት። ለምሳሌ በፊልሙ ላይ ባንዱ ተበትኖ ለኮንሰርቱ ሲል እንደገና ይሰባሰባል። በእውነቱ ግን ኩዊን በ1984 አልበም አውጥቶ እስከ 1985 ግንቦት ወር ድረስ በዓለም እየዞረ ይጫወት ነበር።

በሌላ በኩል ተመልካቹ ወደደው። ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ፊልም በመላው ዓለም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በጥር 2019 ደግሞ ስቱዲዮው ተመልካች አብሮ እየዘፈነ የሚያየውን ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አወጣ። ይሄ ለሽያጭም ለዘመቻም ጠቀመ፤ መራጮች ድምፅ በሚሰጡበት ሰሞን ፊልሙ ከሰው አፍ አልወጣም።

የዘመቻው ትኩረት ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ራሚ ማሌክ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማድረጉ፣ አንዲት የእንቅስቃሴ አሠልጣኝ የፍሬዲን አረማመድ እንዳስጠናችው፣ ቀረጻው ከከባዱ የኮንሰርት ትዕይንት መጀመሩ፣ ይሄ ሁሉ በየቃለ መጠይቁ ተነገረ። የባንዱ አባላት ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለርም በየመድረኩ አብረውት ታዩ። የዳይሬክተሩ ስም ግን ከዘመቻው ጠፋ፤ ማሌክ ኦስካሩን ሲቀበል እንኳ አላነሳውም።

ውጤቱን እናውቀዋለን። ማሌክ ጎልደን ግሎብን፣ የተዋናዮች ማኅበርን ሽልማትና የብሪታንያውን ባፍታ አከታትሎ ወሰደ። የካቲት 24 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ፊልሙ በ5 ምድብ ታጭቶ በ4ቱ አሸነፈ፦ በመሪ ተዋናይ፣ በአርትዖትና በሁለት የድምፅ ምድቦች። ያጣው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ምርጥ ፊልም። ከላይ ያየነው ስሌት ማለት ይኼው ነው።

ገንዘብ ብቻውን ያሸንፋል ወይ?

አያሸንፍም። በዚያው ዓመት ኔትፍሊክስ «ሮማ» ለተሰኘው ፊልም ዘመቻ 25 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ እንዳወጣ ተዘግቧል፤ ፊልሙ ራሱ የተሠራው ወደ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ሮማ» 3 ኦስካር ቢያገኝም ምርጥ ፊልም የተባለው «ግሪን ቡክ» ነው። የሙዚቀኛ ሕይወት ፊልሞችንም ብንወስድ፣ «ኤልቪስ» በ2023 በ8 ምድብ፣ «ማኤስትሮ» በ2024 በ7፣ «ኤ ኮምፕሊት አንኖውን» በ2025 በ8 ምድብ ታጭተው ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

በተቃራኒው በጥር 2023 አንድሪያ ራይዝቦሮ «ቱ ሌስሊ» በተባለ ፊልም ታጨች። ፊልሙ በሲኒማ ያስገባው ወደ 27 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። የቀሰቀሱላት ታዋቂ ተዋናይ ጓደኞች በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። አካዳሚው ጉዳዩን መርምሮ ዕጩነቷን አጸደቀ፤ የቅስቀሳ ደንቡን ግን በዚያው ዓመት አጠበቀ።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ የሚገዛው መታየትን እንጂ ድምፅን አይደለም። ችግሩ፣ ያልታየ ፊልም ድምፅ አያገኝም። አካዳሚው ራሱ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጥ አባል የምድቡን ዕጩዎች በሙሉ ማየት አለበት ብሎ የደነገገው በሚያዝያ 2025 ነው። እስከዚያ ድረስ ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር ማለት ነው!

የአክስቴ ጥያቄ

ፊልሙን ከአክስቴ ጋር ቤት ውስጥ አየነው። እሷ በ77ቱ ረሃብ የ8 ዓመት ልጅ ሆና ኮረም መጠለያ ነበረች። የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ለዓለም ያሳዩት ያንን ኮረም ነው። ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርትም የዚያ ዘገባ ውጤት ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ።

«ይኼ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለእናንተ እኮ ነው እቴቴ፤ እርዳታ ለማሰባሰብ» አልኳት።

እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችና «ታዲያ እኛ የቱ ጋ ነን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በፊልሙ ላይ የስልክ ልገሳው የሚጎርፈው ኩዊን መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። በዕለቱ ግን ዴቪድ ቦዊ ከሚዘፍናቸው ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በኢትዮጵያ የተቀረጸው የረሃቡ ምስል በስክሪን እንዲታይ አድርጎ ነበር። ልገሳው በእጅጉ የጨመረው ከዚያ በኋላ መሆኑን አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ ተናግሯል። ማለትም ስልኩን ያስጮኸው በዋናነት የእነ አክስቴ ፊት ነው።

ፊልም ሰሪው ስለ ፍሬዲ የመተረክ መብት አለው፤ እሱን አልከስም። ዘመቻውም ሥራው ኮከቡን መሸጥ ነው። ጋዜጠኛው ግን የማንም ቀስቃሽ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ዜናዬን ስጽፍ የዘመቻውን ታሪክ እንዳለ ገልብጬ አቀረብኩ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ እሷን መጠየቅ አልታሰበኝም።

ማጠቃለያ

የሽልማት ዜና የምንጽፍ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ከመጻፋችን በፊት አምስት ነገር ብንጠይቅ እላለሁ። መራጩ ማን ነው? ድምፁስ እንዴት ይቆጠራል? «ያሸንፋል» የሚለው ትንበያ የወጣበት ኅትመት ገቢው ከየት ነው? የወጪው አኃዝ የማን ግምት ነው? በመጨረሻም፣ ዘመቻው ከታሪኩ ውስጥ ማንን አስቀረ?

ወረቀቱን እንደገና ሠርቼ አስገብቻለሁ። ርዕሱን «አራት ኦስካር ያገኘ ፊልምና የተረሳው ኮረም» ብዬዋለሁ። ውጤቱ ገና አልተለጠፈም፤ ለአክስቴ ግን አንብቤላታለሁ። «አሁን አለንበት» ብላኛለች።