እንስራውና ሩሯ

ልጅቱ፦ አኮ፣ አያቴ፣ እስቲ ስለ ቅሌ ያጫውቱኝ። ሴቶችም ይጫወቱት ነበር?

አኮ፦ አማርኛው ገና ይለዋል፣ እኛ ቅሌ፤ በዓሉንም በጨዋታው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ እህሉ የተነሳለት ሜዳ፣ በቃ። ዳኛ የለ፣ የሰው ቁጥር የለ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እስኪጨልም ይፋለማል። ሴቶቹን አልሽ? እኔ ባደግሁበት ቀዬ ሴት ዱላ ይዛ ስትገባ አላየሁም።

ልጅቱ፦ ጉልበት አይኖራቸውም ተብሎ ይሆን?

አኮ፦ ጉልበት! ከጫካ እስከ አምቦ ገበያ እንጨት በጀርባዋ የምታመጣው ማን ሆነችና? ዱላ ለሴት ነውር ነው እንዳትዪኝ ደግሞ፣ ኦሮሞ ሴት ልጁን ሲድር እናቲቱ ሲንቄ የሚባለውን በትር ታስጨብጣታለች። ሴት ተበድላ ስትጮህ ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ችግሩ ዱላው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። አርባ ሦስት ቀን ተጹሞ የሚፈሰከው በዚያው ዕለት ነው። ወንዱ ሜዳ ላይ ሲራወጥ ሽንኩርቱን ማን ያቁላላ?

በሴቶች ጨዋታ ነገር አየርላንዶችን እወዳቸዋለሁ። እነሱም ቆልማማ ዱላ አላቸው፤ የወንዶቹ ማኅበር በፈረንጆቹ 1884 ቆመ። ሴቶቹ ግን እስኪጠሯቸው አልጠበቁም። ደብሊን ላይ የአገራቸውን ቋንቋ ለማስፋፋት በተሰባሰቡበት ማኅበር ውስጥ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፣ ዱላውን አሳጠሩት፣ ስሙን ካሞጊ አሉት። ሐምሌ 1904 ናቫን በምትባል ከተማ ሕዝብ ፊት ተጋጠሙ። በ1932 የመላው አየርላንድ ዋንጫ ተጀመረ፣ ደብሊን ወሰደችው። አልስተር በለው መንስተር፣ ክፍለ ሀገሩም የየራሱን ሻምፒዮና ያካሂዳል። አሥራ ሁለት ሆነው ይሰለፉ የነበሩት በ1999 እንደ ወንዶቹ አሥራ አምስት ሆኑ። ሁሉም የመጣው ጥሪ ሳይጠብቁ የራሳቸውን ስለጀመሩ ነው። እኛም አምቦ አለን፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ጊንጪ፣ ጀልዱ አለን። ጥር ላይ ወጡ ተበልቶ አልቋል፣ ሜዳው ባዶ ነው። ምን ይጠበቃል?

ልጅቱ፦ እርስዎስ ሩር መትተው አያውቁም?

አኮ፦ አንድ ጊዜ። በ1952 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሩሯ ተንከባላ እግሬ ሥር ቆመች። አንዱ ልጅ ዱላው አምልጦት ወድቋል። እንስራዬን ከጀርባዬ አወረድኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሣር ላይ፣ ድንጋይ አስደግፌ። ዱላውን አነሳሁና ጠለዝኳት። ገባች! የታችኞቹ «ሴት የመታችው አይቆጠርም» አሉ፣ የላይኞቹ «ሩሯ የመታትን ታውቃለች ወይ?» አሉ። በዚህ መሀል አንድ አፈኛ እንስራዋን ሰበረች ብሎ አወራ። ልጄ፣ አልሰበርኩም! ውኃው እንኳ አልፈሰሰም። ግቡን ሁሉ ረሳው፣ እንስራውን ግን ማን ይርሳ! በሰርጌ ቀን ሳይቀር «እንስራ ሰባሪዋ» ተባልኩ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ እኔም አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ስሙ ግን አልለቀቀኝም። ስንት ዓመት ሙሉ...

ልጅቱ፦ አኮ፣ ግቡስ ተቆጠረ?

አኮ፦ መሸና ተበተኑ። ይልቅ ጓዳ ግቢና እንስራውን እዪ፣ ሽምብራ አለበት። አፉ ላይ ያለችው ሽራፊ በኋላ ፍየል ያደረሰችው ናት፤ እሷን አትጻፊ።