ቁስሉ እንዳይሽር የሚመኝ ሐኪም

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ ቶሎ እንዲሽርለት ይመኛል። ግላኮማን፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ባለ ግፊት የዓይን ነርቭን የሚጎዳውን በሽታ፣ የሚያክም ሐኪም ግን የሚፈራው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኬርንስ ያስተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ፣ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ዓይን ውስጥ የታቆረውን ፈሳሽ ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር የሚያወጣ ሕክምና ነው። ግፊቱ ሲወርድ የዓይን ነርቭ ከተጨማሪ ጉዳት ይተርፋል። የጠፋው እይታ ግን አይመለስም። ቀዳዳው በጠባሳ ከተዘጋ ደግሞ፣ በደለል እንደተደፈነ ቦይ፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ነገሩ የሚከብደው የካሪቢያን ተወላጅ በሆኑ ጥቁሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ባርቤዶስ ውስጥ የተጀመረ ሰፊ ጥናት፣ ከ40 እስከ 84 ዓመት ከሆናቸው ጥቁር ነዋሪዎች 7 በመቶ ያህሉ ግላኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ቀዶ ሕክምናው በጠባሳ የመክሸፍ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በዘር ላይ መደፍደፍ ግን ስንፍና ነው፤ ለግላኮማ ሕክምና ለዓመታት የተጨመረ የዓይን ጠብታ የዓይንን ሽፋን ያስቆጣል፣ ይህም ለጠባሳ ያመቻቻል።

መፍትሔው የመጣው ከካንሰር ሕክምና ነው። ፋይቭ ፍሎሮዩራሲልና ማይቶማይሲን ሲ (ሁለተኛው ጃፓን ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው) ጠባሳ ሠሪ ሴሎች እንዳይራቡ ያደርጋሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በስፖንጅ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ከሽፋኑ ሥር ያኖርና በብዙ ፈሳሽ ያጥበዋል። በእነዚያ ደቂቃዎች የተሠራው ሥራ ለዓመታት ይዘልቃል፤ ጉዳቱም እንዲሁ።

ጠባሳን መግታት ምን ያህል እንደሚያዋጣ በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ሙከራ ይናገራል። ተሳታፊዎቹ የካሪቢያን ሰዎች አልነበሩም፤ 450 ጥቁር አፍሪካውያን ነበሩ፤ የተሰጣቸውም መድኃኒት ሳይሆን ቤታ ጨረር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ጨረር ካላገኙት በአንድ ዓመት ውስጥ 30 በመቶው ቀዶ ሕክምናው ሲከሽፍባቸው፣ ካገኙት ግን 5 በመቶው ብቻ። ያም ሆኖ ጨረር ባገኙት ላይ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በዛ።

መድኃኒቱም የራሱ ዋጋ አለው። ሲበዛ ግፊቱ ከልክ በታች ይወርዳል፣ የቀዳዳው ሽፋን ይሳሳል፣ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፣ ጀርምም ይገባበታል። ስለዚህ ታካሚው አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል፦ የትኛው መድኃኒት ነው? ምን ያህል ይጠናል? ለምን ያህል ደቂቃ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚደረገው ክትትልም ቀላል አይደለም፤ ሐኪሙ ስፌት የሚያላላው፣ ጠባሳ መጀመሩን ካየም ፋይቭ ፍሎሮዩራሲል በመርፌ የሚጨምረው ያኔ ነው።

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ከዓመታት በኋላ እንኳ ድንገት ቢቀላ፣ ቢያም፣ ዓይናር ቢያበዛ ወይም እይታው ቢደበዝዝ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።