ከአጥር ወደ ወንዝ ዳር የተሻገረው ሐረግ

ዱባ፣ ቅልና ኪያር በሚመደቡበት ቤተሰብ ውስጥ ለምግብ ሳይሆን ለውበት የሚተከሉ ሐረጎችም ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ኤኪኖሲስቲስ ሎባታ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው። ወደ አውሮፓ የተወሰደው በነጫጭ አበቦቹ የአትክልት ስፍራ አጥርን እንዲያለብስ ነበር፤ ዛሬ ግን በዳኑብና በቲሳ ወንዞች ዳርቻ አኻያውንና ሸምበቆውን ተጠምጥሞ ሲሸፍን ይታያል።

ለመሆኑ ከአጥር እንዴት ወጣ? ምስጢሩ ያለው በፍሬው ነው። እሾኻማው ፍሬ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈትና አብዛኛውን ጊዜ 4 የሆኑት ዘሮች ይወጣሉ። ዘሮቹ ስለሚንሳፈፉ ጎርፍ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ያደርሳቸዋል። ሐረጉ በመጀመሪያው ውርጭ ይሞታል፤ ዘሩ ግን ለመብቀል ብርዱን ይሻዋል እንጂ አይጎዳበትም።

በነገራችን ላይ፣ ቻርልስ ዳርዊን ከአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ከአሳ ግሬይ የተላከለትን የዚህን ተክል ዘር አብቅሎ፣ ክር መሰል መጨበጫዎቹ ድጋፍ ፍለጋ በአየር ላይ ሲዞሩ ተመልክቷል። ስለ ሐረጎች ያካሄደውን ጥናት ያሳተመው በ1865 እ.ኤ.አ. ነው።

ተክሉ የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ስላለው ፍሬ ሳይዝ ቢነቀል ይጠፋል። ይሁንና ነቀላው ከወንዙ የላይኛው ክፍል ካልተጀመረ፣ ውኃው ዘሩን በተከታዩ ዓመት መልሶ ያመጣዋል።