ኢፋቪሬንዝ አንዱን ሲያዞረው ሌላውን ለምን ምንም አያደርገውም?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ባዮሎጂ ይበዛበታል፤ ታገሱኝ፣ መጨረሻው የሚያርፈው ብዙ ሰው የዋጠው ክኒን ላይ ነው።

አራዳ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ ከኤች አይ ቪ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ዶክተር፣ ያኔ መድኃኒቱን ስጀምር ሌሊት የማየው ሕልም ሌላ ነበር። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ያዞረኛል። ጓደኛዬ ግን ያንኑ ክኒን እየዋጠች ምንም አላላት።» አንዳንዱ ቤተሰብ ነገሩን ለመንፈስ ሰጥቶታል። አንዳንዱ ሰው ለማንም ሳይናገር ክኒኑን አቁሟል። እነዚህን ሰዎች «አካብዳችሁ ነው» የሚላቸው ሲገኝ ይከፋኛል፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ደም ውስጥ የሚለካ ነው።

መድኃኒቱ ኢፋቪሬንዝ ይባላል። ዶሉቴግራቪር እስኪተካው ድረስ በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ጉበታችን ውስጥ እየሰባበረ የሚያስወግደው ዋናው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ቢ6 ይባላል። ኢንዛይሙ በበቂ መጠን ካልተሠራ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፣ አንጎል ላይም ይጫናል። ታዲያ አንዳንዱ ሰው ላይ ኢንዛይሙ ለምን ያንሳል?

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊ አስቡ። ጂን ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈለገውም የማይፈለገውም አብሮ ይወጣል፣ ልክ እንዳልተቆረጠ ጣቃ። የሚፈለገው ቁራጭ ኤግዞን፣ በመሃል የሚገባው ትርፍ ኢንትሮን ነው። ትርፉን ቆርጦ ማውጣትና ቀሪውን መገጣጠም ስፕላይሲንግ ይባላል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ሪቻርድ ሮበርትስና ፊሊፕ ሻርፕ በ1993 ኖቤል ተሸልመውበታል። ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ ስለዚህ ቆራጩ የት እንደሚቆርጥ በቀላሉ ሊስት ይችላል።

ፒያሳ ልብስ ያሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ሰፊው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁ ላይ በሳሙና ያሰምራል። አርኤንኤ ላይም እንዲህ ያለ መስመር አለ፤ ኤግዞኑ ውስጥ ያሉ አጫጭር የፊደል ቅደም ተከተሎች ናቸው። መስመሩን የሚያነቡት ደግሞ ኤስአር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሰው ላይ 12 አባላት ያሉት ቤተሰብ ነው።

ቅርጻቸው ሥራቸውን ይናገራል። በአንድ ጫፍ አርኤንኤን የሚይዝ እጅ አላቸው፤ ፊደሉን አንብቦ የሚጣበቀው እሱ ነው። በሌላው ጫፍ ሴሪንና አርጂኒን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች እየተደጋገሙ የተደረደሩበት ረጅም ጅራት አለ፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚያ ነው። ጅራቱ የተወሰነ ቅርጽ የለውም፣ ይወዛወዛል። ሴሪኖቹ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ፕሮቲኑ ወደ ሴሉ አስኳል ይገባል፣ ከሌሎች ፕሮቲኖችም ጋር ይገናኛል። እጁ ምልክቱን ይዞ ሳለ ጅራቱ የመቁረጫውን ማሽን ክፍሎች ይጠራል፤ «ይሄ ኤግዞን ነው፣ እንዳትጥሉት» እንደማለት። ምልክቱ ከጠፋ የሚጠራ የለም፣ ኤግዞኑም ተዘልሎ ሊጣል ይችላል።

አሁን ወደ ጉበታችን እንመለስ። ብዙ ሰው ላይ የሲዋይፒ2ቢ6 ጂን 516ኛ ፊደል ከ«ጂ» ወደ «ቲ» ተቀይሯል። ለውጡ የኢንዛይሙን አንድ አሚኖ አሲድ ስለሚቀይር መጀመሪያ ጥፋቱ የተሰጠው ለእሱ ነበር። በ2008 ጀርመን ሽቱትጋርት ያሉ ተመራማሪዎች ግን ዋናው ችግር ስፕላይሲንግ ላይ መሆኑን አሳዩ፦ 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ኤግዞን ይዘለላሉ፣ ትክክለኛው አርኤንኤ ያንሳል፣ ኢንዛይሙም አብሮ ያንሳል። አንዲት ፊደል የሳሙናውን መስመር አጠፋችው ማለት ነው።

እኛ አገር ይህ ለውጥ ብርቅ አይደለም። ከኢትዮጵያውያን የጂን ቅጂዎች ሲሶ ገደማው ይይዘዋል፤ በስሌት ከአባትም ከእናትም የወረሰው ከ10 ሰው 1 ገደማ ይሆናል። እነ ጌትነት ይመርና እሌኒ አክሊሉ መድኃኒት የጀመሩ ኢትዮጵያውያንን ተከታትለው፣ በደም ውስጥ ያለው ኢፋቪሬንዝ መብዛትና ይህ የጂን ዓይነት ከጉበት ጉዳት ጋር እንደሚያያዙ አሳይተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ሕልም ብቻ አይደለም።

በግል ማቆም የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ኢፋቪሬንዝ ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ጂኑ የተቀየረበት ሰው ላይ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ሁሉንም ክኒን በአንድ ቀን ብታቆሙ ሌሎቹ ቶሎ ይወጡና እሱ ብቻውን ለቀናት ይቀራል። ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚለምደው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።

እስካሁን ኢፋቪሬንዝ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ልትተኙ ስትሉ በባዶ ሆድ ውሰዱት። ቅባት የበዛበት ምግብ፣ እንበል ጥሩ ክትፎ፣ ደም ውስጥ የሚገባውን መጠን ይጨምረዋል። ማዞሩና ሕልሙ አብዛኛው ሰው ላይ በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ይቀላል። ወር አልፎትም ካልተዋችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑን ከ600 ወደ 400 ሚሊግራም መቀነስ ወይም ወደ ዶሉቴግራቪር መቀየር ይቻላል። ዶሉቴግራቪርን በዋናነት የሚሰባብረው ሌላ ኢንዛይም ነው፤ እንቅልፍ ከነሳችሁ ጠዋት ውሰዱት። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የምትወስዱ ከሆነ ግን ሳትቀይሩ በፊት ተናገሩ፣ የዶሉቴግራቪር መጠን በቀን 2 ጊዜ መሆን አለበት።

የጂን ምርመራ ፍለጋ አትንከራተቱ፤ ውሳኔውን ለመስጠት ምልክታችሁን በግልጽ መንገራችሁ ይበቃናል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ቅርባችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ክኒኑንም ይዛችሁ።