«ኢ.ቲ.» የተባለው ፊልም ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ሲለወጥ ስለ ደረሰበት ውድቀት

ከፊልም የተወሰዱ የቪዲዮ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ገዢውን የሚያሳዝኑ መሆናቸው በመካከላችን ባሉት የጨዋታ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ሠሪው ስላልቻለበት ነው» ከማለት አያልፍም። ይህ መልስ የማያረካ መሆኑን ለማሳየት፣ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የጠፋውን ጨዋታ፣ ይኸውም አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1982 ዓ.ም. «ኢ.ቲ.» ከተባለው ፊልም ያወጣውን ልንመረምር አስበናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፊልሙ አዘጋጅ ሚስተር ስቲቨን ስፒልበርግ ሲሆኑ በጁን 1982 ለሕዝብ ታየ። ታሪኩም ከሌላ ዓለም መጥቶ፣ ጓደኞቹ ጥለውት በመሄዳቸው በምድር ላይ ብቻውን የቀረ ፍጡር፣ ኤልየት ከሚባል ልጅ ጋር ተወዳጅቶ ወደ አገሩ ለመመለስ የሚያደርገውን ጥረት የሚተርክ ነው። የፊልሙ ኃይል ጦርነት ወይም እሽቅድምድም ሳይሆን ናፍቆት ነው። ታዲያ ናፍቆት በምን ዓይነት ጨዋታ ይገለጻል? ሚስተር ስፒልበርግ ራሳቸው እንደ «ፓክማን» ያለ ቀላል ነገር ቢሆን ይሻላል ብለው ነበር ይባላል። የጨዋታው ሠሪ ሚስተር ሐዋርድ ስኮት ዋርሾ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ፈለጉ፤ ፍጡሩ የተሰወሩ ሦስት የስልክ ክፍሎችን ፈልጎ እንዲያገኝና ወደ አገሩ ደውሎ መርከቡን እንዲጠራ አደረጉ። በእኛ አስተያየት ሐሳቡ ከፊልሙ መንፈስ የራቀ አልነበረም።

ጉዳቱ የጀመረው ከሐሳቡ ሳይሆን ከቀኑ ነው። አታሪ በዚያን ጊዜ የዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ንብረት ነበር። የዋርነር አለቆች ለፊልሙ ስም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈሉ ይነገራል። ስምምነቱ ያለቀው በጁላይ መጨረሻ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ፋብሪካው የሚፈጀው ጊዜ ወደ ኋላ ሲቆጠር ፕሮግራሙ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ እንዲያልቅ ተወሰነ። ስለዚህ ለሥራው የተረፈው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆነ። ሚስተር ዋርሾ ጀማሪ አልነበሩም፤ «ያርስ ሪቬንጅ» የተባለውን የተወደደ ጨዋታ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለዚያ ግን ብዙ ወራት ተሰጥቷቸው ነበር። አሁን የሥራ መሣሪያውን ሳይቀር ቤታቸው አስገብተው ይሠሩ ጀመር።

መሣሪያውም ቢሆን የሚያዝናና አልነበረም። አታሪ 2600 ለጊዜያዊ ማስታወሻ የነበረው 128 ባይት ብቻ ነው። የጨዋታው ካርትሪጅ በሙሉ 8 ኪሎባይት ይይዛል፤ ለአንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቢሰጥ በታይፕ ከአራት ወይም ከአምስት ገጽ አይበልጥም። ከዚህም በላይ መኪናው ሙሉ ሥዕል የሚያኖርበት ስፍራ ስላልነበረው፣ ፕሮግራሙ የቴሌቪዥኑ ጨረር በመስተዋቱ ላይ ሲያልፍ መስመር በመስመር እየተከተለ መሣል ነበረበት። እንደዚህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ጨዋታ ማቆም ራሱ ትልቅ ሙያ ነው።

አሁን ስሙን ወዳጠፉት ጉድጓዶች እንምጣ። የጨዋታው ሜዳ እንደ ሳጥን ፊቶች የተያያዙ ስድስት ገጽታዎች አሉት፤ በአራቱ ላይ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። የስልኩ ክፍሎች የተሰወሩት በእነዚሁ ውስጥ ስለ ሆነ መውደቅ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ሳይገቡ አይገኙም። ችግሩ ሌላ ነው። ምድሪቱ ከላይ ወደ ታች እንደሚያዩት ካርታ ተሥላለች፤ ኢ.ቲ. ግን ከጎን እንደሚታይ ሰው ቆሟል። ተጫዋቹ የፍጡሩን እግር አይቶ «ከጉድጓዱ ርቄአለሁ» ይላል። መኪናው ግን እግርና ራስ አይለይም፤ ከሥዕሉ አንዲት ነጥብ እንኳ ጉድጓዱን ብትነካ «ወደቀ» ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ እግሩ በደረቅ ምድር ላይ ሳለ አናቱ ከበላዩ ያለውን ጉድጓድ በመንካቱ ብቻ ቁልቁል ይወርዳል። አንገቱን አስረዝሞ እየተንሳፈፈ ከወጣ በኋላም ተጫዋቹ ዘንጉን በጥቂቱ ካሳሳተው ተመልሶ ይገባል። ከ9999 የሚጀምረው ጉልበቱም በያንዳንዱ ውድቀት ይቀንሳል። ይህ ሳያንስ የመንግሥት መርማሪ መጥቶ ያገኘውን የስልክ ክፍል ይነጥቀዋል፤ ሳይንቲስቱም ይዞት ይሄዳል።

ይህን ጉድለት ለማግኘት ሊቅ መሆን አያሻም ነበር። ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ቢያጫውቱት በቂ ነው። ሠሪው ራሱ ግን አያየውም፤ የትኛው ዳር እንደሚጥለው እጁ ለምዶታልና። የሌሎች ሰዎች ሙከራ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ቀን ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው። ነገ ከመካከላችን በመሥሪያ ቤት «በዚህ ቀን ይድረስ» ተብሎ የሚታዘዝ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም የሚያዝዘው ይሆናል። በ«ኢ.ቲ.» ቀኑን የወሰኑት ሰዎች አንዲት መስመር ፕሮግራም አልጻፉም፤ በኋላ በየጋዜጣው የተሰደበው ግን የጻፈው ነው።

ጨዋታው በዲሴምበር 1982 ገበያ ወጥቶ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ የታተመው ግን ከዚህ በጣም የበዛ ስለ ነበረ ያልተሸጠውና የተመለሰው በመጋዘን ተከመረ። በ1983 አታሪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያን ሁሉ ኪሳራ በአንድ ጨዋታ ላይ የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም። በ1982 ቀደም ብሎ የወጣው የአታሪ «ፓክማን»ም ገዢውን አሳዝኖ ነበር፤ ገበያውም ከየአቅጣጫው በሚመጣ ተራ ጨዋታ ተጥለቅልቆ ነበር።

በሴፕቴምበር 1983 ኩባንያው የተረፈ ዕቃውን በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ነገሩ ለብዙ ጊዜ እንደ ተረት ሲወራ ኖሮ በኤፕሪል 2014 ተቆፍሮ 1,300 ያህል ካርትሪጆች ወጡ። ከውስጣቸው «ኢ.ቲ.» ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የቀሩት የሌሎች ጨዋታዎች ናቸው። (ከተማይቱ ከእነዚያ ቆሻሻዎች ሽያጭ ከ100,000 ዶላር በላይ ማግኘቷም ሳይጠቀስ አይታለፍ።)

ካርትሪጆቹ ከመቆፈራቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ2013፣ አንድ የጨዋታው ወዳጅ ፕሮግራሙን መርምሮ ከጥቂት ባይቶች ላይ ለውጥ አደረገ። ዋናው ለውጥ ፍጡሩ የሚወድቀው አናቱ ሳይሆን እግሩ ጉድጓዱን ሲነካ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት የታረመውን የተጫወተ ሰው ከአፋፉ ዳር ዳር እየሄደ፣ ስልኩን ለቃቅሞ፣ መርከቡን መጥራት ይችላል።